«እስከ ቆጣሪው እንቀይርላችሁ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ እርሳስ ቧንቧ (መጻፊያውን ሳይሆን ከቧንቧው ወደ ውሃ እየገባ ጤና የሚጎዳውን ሊድ የተባለ ብረት ማለቴ ነው) ሁለት መስመር ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈብኝ። ዕድሜዬን ስቆፍረው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልያለሁ። ስም አላወጣሁም። አንዳንዶቻችሁ ከአከራይ ጋር፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከባል ጋር ያላችሁን ጣጣ ዘርግፋችሁልኛልና።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሰን። ከላይ «ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመር እርሳስ ነው» ይላል። ከታች ደግሞ «የከተማው ውሃ ደረጃውን ያሟላል» ይላል። ባለቤቴ የታችኛውን አንብቦ ተኛ። እኔ የላይኛውን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤው አልዋሸም። ሁለቱም እውነት ነው። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያው ሲወጣ እርሳስ የለበትም ማለት ይቻላል። በመንገድ ስር በሚሄደው ዋና መስመርም አያገኘውም። ትልልቆቹ ቧንቧዎች የብረት፣ የሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ ናቸው። እርሳሱ ያለው ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ ቤት በሚገባው ቀጭን ቧንቧ ላይ ነው። እኔ የቤት መስመር እለዋለሁ። ከዚያ ሌላ በድሮ የመዳብ ቧንቧ መጋጠሚያ ብየዳና በናስ ዕቃዎች ላይ ትንሽ ትንሽ ይገኛል። ዋናው ጥፋተኛ ግን የቤት መስመሩ ነው። ሌሊት ውሃው እዚያ ውስጥ ሲቆም እንደተዘፈዘፈ ሻይ ቅጠል ነው፤ በቆየ ቁጥር ይበረታል።

«ደረጃውን ያሟላል» የሚባለው ደግሞ ለከተማው እንጂ ለእርስዎ ቤት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰውን የአሜሪካውን ደንብ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ደንብ መሠረት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከተማው ከተመረጡ ቤቶች ናሙና ይወስዳል። ከአሥሩ ቤት ዘጠኙ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም ካላለፈ ከተማው አለፈ ይባላል። አሥረኛው ቤትስ? አሥረኛው ቤት መቶም ቢያወጣ ከተማው አልፏል። በ2024 የወጣው ማሻሻያ ቁጥሩን ወደ 10 አውርዶታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም 10 ነው። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 2036 መጀመሪያ ድረስ ወደ 5 ለማውረድ ወስኗል። እነዚህ ቁጥሮች «እስከዚህ ድረስ ጠጡ፣ አይጎዳችሁም» ማለት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ቁጥሮቹ ከተሞች ሊደርሱበት ይችላሉ ተብለው የተቆረጡ ናቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል። ሰውነት ካልሲየም ይመስለውና አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። በእርግዝና ጊዜ አጥንት ካልሲየም ሲለቅ የድሮው እርሳስም አብሮ ወደ ደም ይመለሳል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። በዱቄት ወተት የሚያድግ ጨቅላ ከሆነ ምግቡ ሁሉ ከዚያ ቧንቧ ነው የሚቀዳው።

ስለዚህ ቁፋሮውን ሳይጠብቁ ከዛሬ ጀምሮ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን ውሃ በማጣሪያ ያሳልፉ። ማጣሪያው ግን እርሳስ እንደሚያስወግድ የተመሰከረለት መሆን አለበት። በካርቶኑ ላይ ኤን.ኤስ.ኤፍ/አንሲ 53 (NSF/ANSI 53) የሚል የደረጃ ምልክት ይፈልጉ፣ ከሥሩም «እርሳስ» መባሉን ያረጋግጡ። 42 ብቻ የሚል ከሆነ በዋናነት የሽታና የጣዕም ማጣሪያ ነውና ይለፉት። ካርትሪጁን በተባለው ጊዜ ይቀይሩ። ለመጠጥና ለምግብ የሞቀ ውሃ ከቧንቧ አይቅዱ፣ ሙቅ ውሃ እርሳስን የበለጠ ያሟሟል። ገላዎን ቢታጠቡ፣ ልብስ ቢያጥቡ ግን ምንም አይደለም። እርሳስ በቆዳ በኩል ይህን ያህል አይገባም። ለሐኪምዎም ደብዳቤውን ያሳዩ። የደም ምርመራ ቀላል ነው። ብረትና ካልሲየም በደንብ ማግኘትዎንም ይጠይቁ፤ እነሱ ሲያንሱ ሰውነት እርሳሱን የበለጠ ይቀበላል።

ባለቤትዎን ደግሞ ቀስቅሰው ይህን ያስነብቡት።

ጥያቄ፦ የእኔ ደብዳቤ «የመስመርዎ ዓይነት አይታወቅም» ነው የሚለው። እንዴት አይታወቅም? የቀበሩት እነሱ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ቀብረውታል። የቀበሩት ግን የአያትህ ዘመን ሰዎች ናቸው። መዝገቡን ያየ ሰው አይገረምም። አሜሪካ ውስጥ ፍሊንት በምትባለው ከተማ ቧንቧ መቀየር ሲጀመር መረጃው የተገኘው በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ የወረቀት ካርዶች ላይ ነው። አንዳንዱ የደበዘዘ፣ አንዳንዱ ከመሬት ስር ካለው ጋር የማይገናኝ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቤቱን ዕድሜና አካባቢውን አይቶ የትኛው ቤት እርሳስ እንዳለው የሚገምት የኮምፒውተር ዘዴ ሠሩላቸው። እሱን ሲከተሉ አብዛኛው ጉድጓድ እርሳስ ያገኝ ነበር። ዘዴውን ትተው በየሰፈሩ በተራ መቆፈር ሲጀምሩ ግን ብዙው ጉድጓድ ጤነኛ መዳብ ላይ ደረሰ። ገንዘብም ጊዜም አፈር ገባ።

አንተ ግን ኮምፒውተር አያስፈልግህም። ውሃው ወደ ቤት የሚገባበትን ቦታ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ወይም ቆጣሪው አጠገብ ነው። ከመጀመሪያው መዝጊያ በፊት ያለውን ቧንቧ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ቀስ አድርገህ ፋቅ። በቢላዋ አትግዘግዝ፣ ልታቆስለው አይደለም። እርሳስ ከላዩ የደበዘዘ ግራጫ ነው፤ ሲፋቅ ግን እንደ አዲስ ብር ያበራል። ለስላሳ ነው፣ ጭረቱ ወዲያው ይወጣል። ማግኔት አይዘውም። መታ ብታደርገው አይጮህም፣ ድም ብሎ ይቀራል። መጋጠሚያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ቦታ አለው። ፍቀኸው ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ማግኔት ከያዘው ጋልቫናይዝድ ብረት ነው። ከጨረስክ በኋላ እጅህን ታጠብ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ያየኸው መዳብ ስለሆነ ብቻ አትዝናና። ከግቢው ውጭ ያለው ቁራጭ እርሳስ ሊሆን ይችላል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቆጣሪው ጋ ትንሽ ቆፍሮ በሁለቱም በኩል እንዲያይልህ ጠይቅ። ሁለተኛ፣ ጋልቫናይዝድ ከሆነና ከእሱ በፊት እርሳስ ከነበረ፣ ያ ብረት ዓመታት ሙሉ እርሳሱን በዝገቱ ውስጥ ሲያጠራቅም ኖሯል። እርሳሱ ቢወጣ እንኳ ዝገቱ መልቀቁን ይቀጥላል። እሱም አብሮ መውጣት አለበት።

«ለምንስ እርሳስ ቀበሩ?» ለምትሉ፦ ይተጣጠፋል፣ መሬት ሲንቀሳቀስ አይሰነጠቅም፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ቺካጎ ውስጥ እንዲያውም እስከ 1986 ድረስ የከተማው ደንብ ለቤት መስመር እርሳስን ግዴታ አድርጎ ነበር። ያቆመው አገሪቱ በሙሉ ስትከለክል ነው። ዛሬ ወደ 400,000 የሚጠጋ የእርሳስ መስመር ይዛ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንገዳችንን ሊያድሱ ነው። «እግረ መንገዳችንን ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ያለውን እንቀይርልህ፤ ከቆጣሪው እስከ ቤትህ ያለው ግን የራስህ ንብረት ነው» አሉኝ። የእነሱ በነጻ ነው። እሺ ልል ነው። ከምንም ይሻላል አይደል?

መልስ፦ አይሻልም ወንድሜ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ አለቆች ጋር ተጣልቻለሁ፣ አሁንም እጣላለሁ።

መሬት ስር የሚሆነውን ላስረዳህ። ለረጅም ዘመን ያገለገለ የእርሳስ ቧንቧ በውስጡ ቅርፊት ይይዛል። ውሃው ውስጥ ያሉ ማዕድናትና ራሱ እርሳሱ ተዋህደው የሠሩት ሽፋን ነው። ያ ቅርፊት ነው ውሃውን ከእርሳሱ በተወሰነ ደረጃ የሚለየው። ሠራተኛው መጥቶ ግማሹን በመጋዝ ሲቆርጠው፣ ሲያጣምመው፣ አዲሱን ሲገጥም፣ የቀረው ግማሽ ይንቀጠቀጣል። ቅርፊቱ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ወዴት ይሄዳል? ወደ አንተ ኩሽና።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይብሳል። አዲሱ ቁራጭ መዳብ ከሆነና ከእርሳሱ ጋር በቀጥታ ከተነካካ፣ በመካከላቸው ውሃ አለና ሁለቱ ብረቶች ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው እርሳሱ ነው። ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት ቀስ ብሎ ይሟሟ የነበረው አሁን መጋጠሚያው አካባቢ በፍጥነት ይሟሟል። ለሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ለወራትም፣ ከዚያም በላይ።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮችን በዚህ መንገድ በግማሽ ቀይራ ነበር። በኋላ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪዎች የልጆችን የደም ምርመራ ሲያገናዝቡ፣ መስመራቸው በግማሽ የተቀየረላቸው ቤቶች ልጆች ምንም አልተሻላቸውም። በ2011 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሳይንስ አማካሪዎችም ነገሩን መርምረው ግማሽ ቅያሬ እርሳስን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይቀንስ፣ ብዙ ጊዜም ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርግ ጻፉ። የ2024ቱ ደንብ እንደ ቅያሬ የሚቆጥረው ሙሉው መስመር ሲወጣ ብቻ ነው።

«የአንተ ንብረት፣ የእኛ ንብረት» የሚለው ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ቧንቧው አንድ ነው። ውሃው ድንበር አያውቅም። ድንበሩን የሠራው ወረቀት ነው።

እና ምን ታደርጋለህ? እንዲህ በላቸው፦ «ወይ ሁለታችንም በአንድ ቀን እንቀይር፣ ወይ አትንኩት።» የራስህን ክፍል ለማሠራት ድጋፍ፣ ብድር ወይም በክፍያ ደረሰኝ ላይ በየወሩ የሚከፈል ዝግጅት ካላቸው ጠይቅ፤ ብዙ ከተሞች አላቸው፣ ካልጠየቅህ ግን ማንም አይነግርህም። ጎረቤቶችህንም አስተባብር። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ፣ ቆፋሪውም ማሽኑም እዚያው ካለ፣ ለአሥር ቤት መሥራት ለአንድ ቤት ከመሥራት ብዙ ይቀላል።

አስገዳጅ ሆኖ፣ ለምሳሌ ቧንቧው ፈንድቶ፣ ግማሹ መቆረጡ ካልቀረ መጋጠሚያው ሁለቱን ብረቶች የሚለያይ ፕላስቲክ ያለበት እንዲሆን አስገድድ። ውሃውን ረጅም ጊዜ ልቀቀው። ከዚያ ቀሪው እስኪወጣ ድረስ ያለ ማጣሪያ አትጠጣ። ደግሞ ቧንቧህን ባይነኩትም እንኳ መንገዱ ሲቆፈር መሬቱ ይነቃነቃል። ሥራው እስኪያልቅና ከዚያም ለተወሰኑ ወራት ማጣሪያ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ውሃዬን ላብራቶሪ አስመርምሬ «እርሳስ አልተገኘም» ተብያለሁ። አሁን መጥተው ግቢዬን እንቆፍር ይላሉ። ለዓመታት የደከምኩበት የአበባ መደብ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ልመልሳቸው?

መልስ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የትኛውን ሊትር ነው ያስመረመሩት?

ቀልዴን አይደለም። ግማሽ ኢንች ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 8 ሜትር ይረዝማል። ጠዋት ተነሥተው ከኩሽናው የመጀመሪያውን ሊትር ሲቀዱ፣ ያ ውሃ ሌሊቱን ያደረው የት ነው? ከግድግዳዎ ውስጥ ባለው ቧንቧ ነው። የቤት መስመሩ ግን ከዚያ በኋላ፣ ከግቢው ስር ነው የሚጀምረው። ጠርሙስዎ ሞልቶ ሲከደን እርሳስ ውስጥ ያደረው ውሃ ገና መንገድ ላይ ነበር። አሜሪካኖቹ ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው። ለብዙ ዘመን የመጀመሪያውን ሊትር ሲለኩ ኖረው፣ በ2021 ደንቡን ሲያሻሽሉ የእርሳስ መስመር ላለው ቤት አምስተኛው ሊትር እንዲለካ ወሰኑ።

ደግሞ ውሃው ከ6 ሰዓት በላይ ሳይነካ ነበር የቆየው? ሌሊት ሰው ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት ውሃ ከለቀቀ ናሙናው ተበላሸ። በቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ፈትተው ነበር? ብዙ ሰው «ይጸዳ» ብሎ ይፈታዋል። ፍርፋሪው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ውሃውን በኃይል ነው የቀዱት ወይስ በቀጭኑ? በቀጭኑ ሲቀዳ ፍርፋሪው አይነሣም፣ ቁጥሩም ያምራል። ምርመራው የተደረገው በብርድ ጊዜ ነው? ውሃው ሲሞቅ እርሳሱም ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ፍርፋሪው ነው። የሟሟ እርሳስ በመጠኑ ይገመታል። የተፈረፈረው ግን ዛሬ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይወድቃል፣ ነገ ምንም የለም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይመጣል። አንድ ናሙና ስለ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚናገረው። ላብራቶሪው «አለ» ካለዎት እመኑት። «የለም» ካለዎት ግን ቧንቧውን ይፋቁት። እርሳስ ከሆነ እርሳስ ነው።

ስለ አበባዎ አይጨነቁ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር መቅደድ የግድ አይደለም። መሬቱ ከፈቀደ አንድ ጉድጓድ መንገድ ዳር፣ አንድ ጉድጓድ ቤቱ ጋ ይቆፈራል። የብረት ገመድ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ ይገባና አሮጌው ሲጎተት አዲሱ ከኋላው ተከትሎ ይገባል። ሌላም ዘዴ አለ፤ በአየር ግፊት የሚመታ መሣሪያ በመሬቱ ውስጥ ቀዳዳ እየሠራ ይሄዳል። ከመጀመራቸው በፊት መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ምልክት ያስደርጉና ጉድጓዱ የሚያርፍበት ላይ ያለውን አበባ ብቻ ያንሡ።

ጥያቄ፦ አፍልቼ ብጠጣስ?

መልስ፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስ ጀርም አይደለም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እርሳሱ እዚያው ይቀራል፣ የቀረው ውሃ ይብስበታል። መጀመሪያ በማጣሪያ አሳልፉት፣ ማፍላት ካስፈለገ ከዚያ አፍሉት።

ጥያቄ፦ መሐንዲስ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልከራከርዎ። ኦርቶፎስፌት የተባለው ዝገት መከላከያ ኬሚካል ውሃው ውስጥ ከተጨመረ እርሳሱ ላይ የማይሟሟ ሽፋን ይሠራል። ዋጋው ከቁፋሮ ጋር አይወዳደርም። አንድ ከተማ ሙሉ ከመገልበጥ እሱን መጨመር አይሻልም?

መልስ፦ ክርክር እወዳለሁ። ኬሚስትሪው ላይ ልክ ነህ። እንግሊዝ አብዛኛውን ውሃዋን በዚህ ነው የያዘችው፣ ቁጥሩም በእውነት ወርዷል። ቁፋሮው እስኪያልቅ ድረስ ይህ መጨመሩ ግዴታ ነው እላለሁ። ቁፋሮውን ይተካል ስትለኝ ግን እዚያ ላይ እንለያያለን።

ሽፋኑ የሚቆመው ውሃው እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ውሃ ደግሞ ይለወጣል። ዋሽንግተን ዲሲን እንደገና እንይ። በ2000 መጨረሻ ላይ ለጀርም መግደያ ውሃው ውስጥ የሚጨምሩትን ክሎሪን ክሎራሚን በሚባል ሌላ ኬሚካል ቀየሩት። ምክንያታቸው ጥሩ ነበር፤ ክሎሪን የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች ለመቀነስ። ግን የቧንቧዎቹን ቅርፊት ይዞ የነበረው ያ ጠንካራ ክሎሪን ኖሯል። እሱ ሲነሣ ቅርፊቱ መሟሟት ጀመረ። እርሳሱ በብዙ ቤቶች ናረ። ሕዝቡ ነገሩን በሰፊው የሰማው በ2004 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ኦርቶፎስፌት መጨመር ጀመሩ። እስከዚያ ያሉትን ዓመታት ሕፃናቱ ጠጥተውታል።

ፍሊንትን ታውቃለህ። ሚያዝያ 2014 ገንዘብ ለመቆጠብ የውሃ ምንጫቸውን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየሩ። የወንዙ ውሃ ብረት የሚበላ ዓይነት ነበር። ዝገት መከላከያውን ደግሞ አልጨመሩም። ነዋሪው ውሃው ቡናማ ነው፣ ይሸታል እያለ ሲጮህ ሰሚ አጣ። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና-አቲሻ የልጆቹን የደም ውጤት ይዛ በመስከረም 2015 አደባባይ ከወጣች በኋላ ነው ነገሩ የተነሣው፤ በጥቅምት ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሱ። እንግዲህ አስብ፦ ቧንቧው ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ውሳኔ ብረት ያዝግ ነበር እንጂ የልጅ ደም ውስጥ ያንን ያህል እርሳስ አይገባም ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ የሚፈረም ወረቀት ሽፋኑን ሊያጠፋው ከቻለ፣ በሽፋኑ ላይ የልጆችን ጤና ማስያዝ አልወድም።

ማዲሰን የምትባለው የዊስኮንሲን ከተማ ነች ለእኔ ልክ የሠራችው። ኦርቶፎስፌት ጨምሩ ተብለው ነበር። እነሱ ግን ሐይቆቻቸው በፎስፈረስ ምክንያት በአልጌ እየተሞሉ ስለነበር ተጨማሪ አንፈልግም አሉ። ከ2001 ጀምረው በአሥር ዓመት ገደማ ወደ 8,000 የሚጠጉ መስመሮችን ሙሉ በሙሉ አወጡ፣ የቤት ባለቤቱን ድርሻ ጨምሮ። ለባለቤቶቹም ከወጪው ግማሹን እየመለሱ። ዛሬ ማዲሰን ኬሚካሉን ብትቀይር፣ ምንጩን ብትቀይር፣ የቤት መስመሩን ፈርቶ እንቅልፍ የሚያጣ መሐንዲስ የላትም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ስልክ አያነሣም። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ያለ ባለቤቱ ፊርማ አልነካም አለኝ።

መልስ፦ ፊርማ የሚባለው ነገር ብዙ ከተማ ያሰረ ችግር ነው። ኒውርክ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ስለሆነ ባለቤቱን ሲፈልጉ ሥራው ሊቆም ነበር። በ2019 የከተማው ምክር ቤት ደንብ አወጣ፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው በር ከከፈተ ሠራተኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብቶ መቀየር ይችላል። ክፍያ የለም። ከ23,000 የሚበልጡ መስመሮች ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወጡ። ሌላው ከተማ ሃምሳ ዓመት ይፈጃል ሲል የነበረ ሥራ ነው። ከቴክኒኩ ይልቅ ያ ደንብ ነው ያፈጠነው ብዬ አምናለሁ።

አንቺ ዘንድ እንዲህ ያለ ደንብ ከሌለ ለአከራይሽ በጽሑፍ ላኪ፣ ግልባጩን ለውሃ መሥሪያ ቤቱና ለጤና ቢሮው። በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም። ለምክር ቤት ተወካይሽም የኒውርክን ነገር ንገሪው። ማጣሪያ በነጻ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ዴንቨር የምትባለው የአሜሪካ ከተማ መስመራቸው እስኪቀየር ድረስ ለእርሳስ ቤቶች ሁሉ ማጣሪያ ያለው ማሰሮ ታድላለች። የልጅሽን ደም ደግሞ አስመርምሪ። የአሜሪካ ሐኪሞች ከ2021 ጀምሮ ክትትል የሚጀምሩት በዴሲሊትር ከ3.5 ማይክሮግራም ነው። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ ምንጩ ሲቋረጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አጥንት የገባው ነው ለዓመታት የሚቆየው። ስለዚህ ማጣሪያውን ለነገ አትበዪ።

ጥያቄ፦ የእኛ ተራ ደረሰ። ሙሉውን ነው የሚቀይሩት። ከእኛ ምን ይጠበቃል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሥራው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ነው። ውሃ ይዘጋል፣ ለቀኑ የሚሆን ቅዱ። ውሃው የሚገባበት ቦታ ላይ የተደረደረ ዕቃ አንሡ። ሠራተኛው የእናንተን ሳጥን ሲያነሣ መዋል የለበትም።

ዋናው ሥራ የእናንተ የሚሆነው እነሱ ሲጨርሱ ነው። አዲሱ ቧንቧ ንጹሕ ነው፣ ግን ሲቆረጥና ሲጎተት የተነሣው ፍርፋሪ ቤታችሁ ገብቷል። በየቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ሁሉ ፍቱ። ከታችኛው ፎቅ ጀምራችሁ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ሁሉ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ይፍሰስ። መታጠቢያውም ይከፈት። ይህ ሳያልቅ የሞቀ ውሃ አትክፈቱ፣ ፍርፋሪውን ማሞቂያው ጋን ውስጥ ትጎትታላችሁ። በማጣሪያውም በኩል አታሳልፉት፣ ይደፈናል። ከዚያ ወንፊቶቹን አጥባችሁ ግጠሙ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በየጊዜው እየፈታችሁ እዩ። ጥቁር ወይም ግራጫ አሸዋ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ድፉት።

ማጣሪያ ለ6 ወር መጠቀም አይቀርም። ግድግዳ ውስጥ ባሉት ቧንቧዎች ላይ የተጣበቀው እርሳስ በአንድ ቀን አይለቅም። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውሃው ይመርመር። ይህን ውሃ መሥሪያ ቤቱ ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁ።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ በድሮ ቤቶች የኤሌክትሪኩ ግራውንድ ሽቦ የታሰረው የውሃ ቧንቧው ላይ ነው። ብረቱ መሬት ውስጥ ስለተቀበረ። አዲሱ ቧንቧ ፕላስቲክ ከሆነ ያ ሽቦ መሬት የሚነካበት ነገር አጣ ማለት ነው። መብራቱ ይበራል፣ ምንም አይታወቃችሁም። አንድ ቀን ግን ብልሽት ሲመጣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ስለሌለው በሰው ሊሄድ ይችላል። ከቅያሬው በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አሳዩት። የተለየ ዘንግ መሬት ውስጥ ይተክልላችኋል።

ጥያቄ፦ ያወጡትን አሮጌ ቧንቧ ላስቀር? ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ አቅልጬ ለመረቤ ክብደት ልሠራበት አስቤያለሁ።

መልስ፦ አይሆንም። በቧንቧው ውስጥ የሚሟሟው በማይክሮግራም ነበር። ቤትህ ውስጥ ስታቀልጠው ጢሱንና አቧራውን ትተነፍሰዋለህ፣ ልብስህ ላይ ይዘህ ልጆችህ ዘንድ ትገባለህ። ለሠራተኞቹ ስጣቸው፣ እነሱ ወደ ማቅለጫ ይልኩታል። ለመረብህ ከእርሳስ ውጭ የተሠራ ክብደት ግዛ፤ ውሃ ውስጥ ወድቆ ቢቀርና ወፎች ቢውጡት እንኳ በእርሳስ አይመረዙም።